ቆጣሪው የቆመበት ሰዓት

ሟቹ የንባብ መነጽሩን አድርጓል። ኢንስፔክተር ፀሐይቱ ገብረዋህድን ከሁሉ በፊት ያስቆማት ይህ ነው።

ሃብተአብ የተባለው የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው በአንድ አሮጌ የካዛንቺስ ሕንፃ ውስጥ፣ ከአራተኛው ወደ ሦስተኛው ፎቅ በሚወርደው መስኮት የለሽ ደረጃ ግርጌ፣ በጀርባው ተዘርግቷል። በክር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው መነጽር አንዱ እጀታው ከጆሮው አልወለቀም። ማክሰኞ ግንቦት 25 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። መብራት በፈረቃ የሚታደልበት ሰሞን ስለነበር ዕለቱ ለካዛንቺስ የጨለማ ተራዋ ነው። መብራቱ አራት ተኩል ላይ ሄደ፤ የሕንፃው ጄኔሬተር የተነሣው ግን አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። በመካከሉ፣ አምስት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚሠራው ልብስ ሰፊ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰምቶ «ዕቃ እያጓጓዙ ነው» ብሎ ዝም አለ። አስከሬኑ የታየው መብራት ሲመጣ ነው።

የኢንስፔክተሯ አለቃ ጉዳዩን በስልክ ዘግቶታል። «ምኑ ይመረመራል? ጨለማ ነበር፣ ወደቀ፣ ሞተ። የጄኔሬተሩ ሰውዬ በቸልተኝነት ይጠየቃል። ሐሙስ ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ወረቀቱን አምጪልኝ።»

ወረቀት አምጪ! ፀሐይቱ በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቷ ከዚህች ቃል የበለጠ ደሟን የሚያፈላ ነገር አልገጠማትም። ስልኩን ዘጋችና ወደ ጄኔሬተሩ ሰውዬ ዞረች። ኢዘዲን ይባላል፤ የሕንፃው ኤሌክትሪሺያን ነው። እጁን በካቴና ታስሮ ግድግዳ ተደግፏል፤ ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

«ኢንስፔክተር፣ ናፍጣው አልቆ ነው» አላት። «ኡራኤል ማደያ ወረፋ ይዤ ነበር። ጀሪካኑን ተሸክሜ ሮጬ ነው የመጣሁት። ወላሂ ሮጫለሁ። ጋሽ ሃብተአብ እኮ... ልጄን ትምህርት ቤት ያስገቡልኝ እሳቸው ናቸው።»

ፀሐይቱ ጎንበስ ብላ የሟቹን የሸሚዝ ኪስ ዳበሰች። ትንሽ የእጅ ባትሪ ወጣ። ስታበራው በራ።

አጠገቧ መሐረብ አፏ ላይ ይዛ የምታለቅሰውን የሟቹን ባልደረባ ማዕዛን ጠየቀቻት። «ይህን ባትሪ ዘወትር ይይዙት ነበር?»

«ፈረቃ ከመጣ ወዲህ ያለሱ አንድ እርምጃ አይራመዱም። እንስቅባቸው ነበር።»

እንግዲህ ነገሩ አልጣማትም። ያለ ባትሪ የማይራመድ ሰው ባትሪውን አጥፍቶ ኪሱ ከትቷል። ጨለማ ውስጥ ደግሞ የንባብ መነጽር አድርጓል። ሌላ ሰው ብርሃን ካልያዘለት በቀር በዚያ ደረጃ ላይ ምን ያነባል? የሚያነበው ነገርስ የት ገባ?

አራተኛው ፎቅ ላይ ያለው፣ ሃብተአብ የቴክኒክ ሥራውን ይመራበት የነበረው፣ «ድርና ማግ» የተባለ ትንሽ ድርጅት ነው። ለስልሳ ያህል ደንበኞች ድረ ገጽ ይሠራል፣ ያስተዳድራል። ሠራተኞቹ አራት ነበሩ፤ አሁን ሦስት ቀሩ። ሥራ አስኪያጁ ካሳይ፣ ገጾቹን የምታዘጋጀው ማዕዛ፣ በቅርቡ የተቀጠረችው ቴክኒሺያን ሀምዲያ። ሀምዲያ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ደምበል ደንበኛ ቤት ነበረች፤ አራት ሰዎች መስክረውላታል። ማዕዛ መብራት እንደሄደ ምድር ቤት ካፌ ወርጃለሁ ትላለች፤ ብቻዋን ነበረች።

ካሳይ አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ ክራቫቱ የተስተካከለ፣ ንግግሩ የተለሰነ ሰው ነው። ፖሊስ ደረጃውን ስለዘጋው ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ቆሞ አገኘችው።

«እኔ እንኳ አልነበርኩም» አለ። «መብራት ሲሄድ፣ አራት ተኩል ላይ፣ ኡራኤል ጄኔሬተር ያለው ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። የአንድ ዕርዳታ ድርጅት የጨረታ ገጽ ላይ የስልክ ቁጥር ተሳስቶ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ አስተካክዬ ለጠፍኩት። ከዚያ አተምኩት። ስድስት ሰዓት ስመለስ ይሄው ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ። ቢሮዬ እንኳ አልገባሁም፤ ከዚህ በላይ አላሳልፍ አሉኝ።»

«መለጠፍዎን በምን ልመን?»

ከኮት ኪሱ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «በወረቀት። እዚህ አገር ወረቀት ካለ ማን ይጠይቃል?»

ወረቀቱ ከድረ ገጹ የታተመ የጨረታ ማስታወቂያ ነው። አናቱ ላይ «የወጣበት ቀን፦ ግንቦት 10» ይላል፤ ከግርጌው ማሽኑ ራሱ የጻፈው የዕለቱ ቀን አለ፤ ሰዓት ግን የለም። ከጽሑፉ ሥር በትንንሽ ጥቁር ሣጥኖች ውስጥ «የጎብኚ ቁጥር 41207» የሚል አለ። ከጎኑ የድርጅቱ ክብ ማኅተም አርፏል። አንዱ ጠርዙ ክፉኛ ተጨማድዷል።

«ለደንበኛ የሚሰጥ ወረቀት እንዲህ ይጨማደዳል?»

«ኪስ ውስጥ ነው» አለ ካሳይ።

ፀሐይቱ ተቀብላ ማስታወሻ ደብተሯ ውስጥ አስገባችው። ካሳይ የወንድሙን ልጅ አስከሬን ሊረከብ እንደመጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሄደው፤ ይህም ምንም አልጣማት፤ አልጣመኝም ተብሎ ግን ሰው አይከሰስም።

ረቡዕ ቀኗ በሙሉ ተቃጠለ። ጣቢያ ገብታ ገጹን በዓይኗ ለማየት ብትሞክር «ኮኔክሽን የለም» አሏት። ኢንተርኔት ወደሚያቀርበው መሥሪያ ቤት ሄደች፤ «ሲስተም የለም» አሏት። «መቼ ይመጣል?» ስትል፣ ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። በዚህ ከተማ የሚበላሽ ነገር ሁሉ ጥፋተኛው አንድ ነው፤ ኔትወርክ! ኔትወርክ ከተባለ ጠያቂም ተጠያቂም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ፀሐይቱ ማዕዛን ልታናግር ተመለሰች።

«ሰኞ ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ተጣልተናል፤ አልክድም» አለች ማዕዛ። «አሥር ዓመት ገጽ የሠራሁት በፍሮንትፔጅ ነው። ትጽፊያለሽ፣ አንድ ቁልፍ ትጫኛለሽ፣ ገጹ በቀጥታ ይለጠፋል። አሁን የውጭ አገሩ ሰርቨር አከራይ ‹ይህ ፕሮግራም አርጅቷል፤ ሰርቨሩ ላይ ያለውን አጋዥ ፕሮግራሙን ልናነሣው ነው፣ ገጾቻችሁን አዛውሩ› አለን። ስልሳ ድረ ገጽ! ጋሽ ሃብተአብ ዓርብ እንዘጋዋለን አሉ። ‹አይደርስልኝም፣ ገጾቼ ይበላሻሉ› ብዬ ጮህኩባቸው። አሁን በምን አፌ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ?» ድምጿ ተሰበረ።

ፀሐይቱ ደብተሯን ገለጠች። «ምናቸው ይበላሻል?»

«ብዙ ነገር። የጎብኚ ቆጣሪው ራሱ በአጋዡ ነው የሚሠራው። ደንበኛ ደግሞ ሌላው ቢጠፋ ግድ የለውም፤ ቆጣሪው ግን ክብሩ ነው። ማክሰኞም መብራት ሳይሄድ አንዱ ደውሎ ‹ቆጣሪዬ ባዶ ሣጥን ሆነ› ብሎ ጮኸብኝ።»

«ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ? ኔትወርክ ነው አልኩት።»

ፀሐይቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ አንሥታ ይህችን ነገር በደብተሯ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመረችባት።

ከዚያ በእግሯ ወደ ኡራኤል ወረደች። ኢንተርኔት ቤቱን የያዘችው ወርቅዬ የምትባል ምላሰኛ ሴት ናት፤ ካሳይን ስሙን ሳይጠሯት አወቀችው።

«ክራቫት ያሰረው አይደል? ማክሰኞ መጥቷል፤ እንዴት እረሳዋለሁ! ሰዓቱን እንጃ፤ መብራት ሲጠፋ እዚህ ሰው እንደ ጉድ ነው የሚጎርፈው። ግን ከተቀመጠ ጀምሮ ‹ኔትወርክሽ አይሠራም› እያለ ሲጨቀጭቀኝ ነበር። ከግራ ከቀኙ ሰው ሁሉ ኢሜይሉን እያነበበ፣ የሱ ብቻ እንቢ አለ! ላብ በላብ ሆኖ ጠረጴዛውን ደቅቶ ወጣ።»

«ያተመው ነገር ነበር?»

«ኧረ እኔ እንጃ፣ ማን ያስታውሳል በዚያ ግርግር።»

ፀሐይቱ ስትመለስ ሀምዲያን ቢሮ አገኘቻት። ልጅቷ የሟቹን ጠረጴዛ እያጸዳች ነበር፤ ከመሳቢያው ያወጣችውን ሰማያዊ ደብተር ይዛ ፈዛለች።

«ኢንስፔክተር፣ ይቺን ይዩልኝ። ማለቴ... ግራ ገብቶኛል። ጋሽ ሃብተአብ የየድረ ገጹን ቆጣሪ የመጨረሻ ቁጥር ጽፈዋል፤ አዲሱ ላይ ከዚያ እንዲቀጥል ነዋ፣ ደንበኛ እንዳይናደድ። ግን ቀኑ ማክሰኞ ነው! ለኛ ዓርብ ነው ያሉን።»

ፀሐይቱ አነበበች። ስልሳ ስም፣ ስልሳ ቁጥር። ከሁሉም በታች በንጹሕ እጅ ጽሑፍ «ማክሰኞ፣ ረፋድ 4፡10። የፍሮንትፔጅ በር ተዘግቷል። ማንም እንዳይነካው» ይላል።

«ማንም እንዳይነካው የሚሉት ምኑን ነው?» አለች። «ልጄ፣ ያ አሮጌ ፕሮግራም እኛ የማናየው የሚያስቀምጠው ነገር አለ?»

የሀምዲያ ዓይን ፈጠጠ። «በቃ! አለ! የተደበቀ ፎልደር አለ!»

ሐሙስ ዳግመኛ የጨለማው ተራ ነበር። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በቢሮው ተሰበሰቡ፤ ካሳይ ወንበሩ ላይ፣ ማዕዛ በመስኮቱ በኩል፣ ወርቅዬ ሱቋን ዘግታ እያጉረመረመች፣ ኢዘዲን በካቴና በሁለት ፖሊሶች መካከል። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ቢሮው ውስጥ የሚበራው የሀምዲያ ላፕቶፕ ብቻ ነው፤ ጣት የምታክል የኢንተርኔት መሣሪያ ተሰክቶበታል።

«ባትሪው ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው» አለች ሀምዲያ።

«ይበቃናል» አለች ፀሐይቱ። «ሃብተአብ በአደጋ አልሞተም። ባትሪው ኪሱ ነበር፣ መነጽሩ ዓይኑ ላይ። ሌላ ሰው በስልኩ ብርሃን ይዞለት ወረቀት እያነበበ ነበር። ወረቀቱ የለም። ስለዚህ ብርሃን የያዘው ሰው ወስዶታል። ማዕዛ፣ ማክሰኞ ቆጣሪው ጠፋ ብሎ የደወለልዎ ደንበኛ መቼ ነው የደወለው?»

«መብራት ሳይሄድ። አራት ሰዓት ከሩብ ቢሆን ነው።»

«ሃብተአብ አጋዡን ያስዘጋው አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው፤ ደብተሩ ይላል፣ የአከራዩም ኢሜይል ይላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁለት ነገር ሞተ። አንደኛ፣ በፍሮንትፔጅ ገጽ መለጠፍም ማንሣትም አይቻልም። ሁለተኛ፣ ቆጣሪው ባዶ ሣጥን ነው።» ወረቀቱን ዘርግታ አነሣችው። «አቶ ካሳይ ግን አምስት ሰዓት ላይ ለጥፌ አተምኩት ያሉት ገጽ ቆጣሪው ይቆጥራል። አርባ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰባት። ሃብተአብ ሲዘጋው የጻፈው የመጨረሻ ቁጥር አርባ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ ነው። ይህ ወረቀት የታተመው ከመዘጋቱ በፊት ነው።»

ካሳይ ፈገግ አለ። «ኢንስፔክተር፣ ይህ ሙያዎ አይደለም። የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ቀድሞ ያየውን ሥዕል አስቀምጦ ያሳያል። አሮጌውን ቁጥር አሳይቶኝ ይሆናል። ሀምዲያ ትመስክር።»

ሁሉም ወደ ሀምዲያ ዞሩ። ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። «ይቻላል» አለች በቀጭን ድምፅ። «ማለቴ... ያጋጥማል።»

ኢዘዲን አንገቱን ደፋ። ፀሐይቱ ልጅቷን አልተቆጣችም፤ እውነቱን ስለተናገረች እንዲያውም ወደደቻት።

«ይሁን» አለች። «ሥዕሉን ይተዉት። ማኅተሙን ይንገሩኝ።»

«የቱን ማኅተም?»

«ይህን ክብ ማኅተም። ማዕዛ፣ የድርጅቱ ማኅተም የት ነው የሚቀመጠው?»

«አቶ ካሳይ መሳቢያ ውስጥ። ከቢሮ አይወጣም።»

«እኛም ስንፈትሽ ያገኘነው እዚያው ነው። አቶ ካሳይ፣ ማክሰኞ ከኡራኤል እንደተመለሱ ቢሮዎ አለመግባትዎን በራስዎ አፍ ነግረውኛል። ወረቀቱን የሰጡኝ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኡራኤል የታተመ ወረቀት አራተኛ ፎቅ መሳቢያ ውስጥ ያለ ማኅተም እንዴት አረፈበት?»

ካሳይ እጁን ወደ ክራቫቱ ሰደደ።

«ወረቀት ባየ ቁጥር እጁ ማኅተም የሚያነሣ ሰው ነዎት። ጠዋት ቢሮ አትመው መቱበት፤ ከሰዓት ግን መምታትዎን እንኳ አላስታወሱም። ሀምዲያ፣ ፎልደሩን።»

ሀምዲያ ላፕቶፑን ወደ እነርሱ አዞረች። «ፍሮንትፔጅ ገጽ በተለጠፈ ቁጥር ማን እንደለጠፈው፣ መቼ እንደሆነ፣ በተደበቀ ፎልደር ይጽፋል። ጨረታው ግንቦት 10 ወጣ ይላል። ፎልደሩ ግን ገጹ የተፈጠረው ማክሰኞ ግንቦት 25፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ነው ይላል፤ ስሙ ‹ካሳይ›። ሌሎች አራት ጨረታዎችም እንዲሁ ከተጻፈባቸው ቀን ዘግይተው ነው የተለጠፉት።»

«ጨረታ አሥራ አምስት ቀን በድረ ገጽ መቆየት አለበት» አለች ፀሐይቱ። «እርስዎ በመጨረሻው ቀን ያለፈ ቀን ጽፈው ይለጥፋሉ፣ ያትማሉ፣ ይመታሉ፤ ምሳ ሳይደርስ ያነሡታል። የሚስትዎ ወንድም ብቻ ይወዳደራል፣ ይህንንም ከዕርዳታ ድርጅቱ አጣርቻለሁ፤ ደንበኛው ሲጠይቅ ወረቀት አለ። ሃብተአብ ገጾቹን ሲያዛውር ፎልደሩን አገኘ። እንዳያጠፉበት የበሩን መዘጋት ከዓርብ ወደ ማክሰኞ አመጣው። ከዚያ መብራት ሲሄድ ደረጃው ላይ አስቁሞ ወረቀቱን አሳየኝ አለዎት።»

«እኔ ቤት ኮምፒውተር ላይ ምን ሲያደርግ ነበር ታዲያ?» አለች ወርቅዬ።

«ማስረጃውን ሊያጠፋ ነበር። አሮጌው በር እንቢ አለው። ለምን እንቢ እንዳለ ግን ለአፍታ አላሰበም፤ እንደሁላችን ኔትወርክ ነው አለ። ገጹ እስከ አሁን እንደተለጠፈ ነው።»

ካሳይ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አልገፋሁትም» አለ። «ወረቀቱን ጨምድዶ ያዘ። አልለቅም አለ። ነጠቅኩት፤ ሲለቀው ወደ ኋላ ሄደ። ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት።»

«ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም ብሏል» አለች ፀሐይቱ። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አጠገቡ ወርደው አልፈውታል። አንድ ጊዜ ቢጮሁ ልብስ ሰፊው ይወጣ ነበር። ከዚያም ይህ ሰው ሁለት ቀን በካቴና ሲንገላታ ክራቫትዎን አስረው ተቀመጡ።» ማዕዛ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ፀሐይቱ ለአለቃዋ ደወለች። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ የተደበቀውን ፎልደር፣ የቆመውን ቆጣሪ፣ የካሳይን ቃል።

«ጎበዝ» አላት አለቃዋ። «ግን ፍርድ ቤት ኮምፒውተር አይቀርብም። ያንን ፎልደር የሚባለውን አትመሽ፣ አስፈርመሽ አምጪ። እስከ ስምንት ሰዓት ወረቀቱ ካልደረሰኝ ኢዘዲን በቀጠሮው ይቀርባል፣ አሥራ አራት ቀን የምርመራ ጊዜ ይጠየቅበታል።»

ፀሐይቱ ስልኩን ግድግዳ ላይ መወርወር አማራት። አታሚው ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ መብራት የለም። ላፕቶፑ አራት ደቂቃ ቀርቶታል።

«ጄኔሬተሩ አይነሣም?» አለች።

ከፖሊሶቹ አንዱ አፍሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥበቃው ሞክሮ ነበር። ማንም አልቻለበትም። የሱን አመል የሚያውቀው...» ብሎ በአገጩ አመለከተ።

ኢዘዲን የታሰረ እጁን ዘረጋ። «ናፍጣ አለው» አለ። «ማክሰኞ ያመጣሁት አላለቀም።»

ፀሐይቱ ራሷ ቁልፉን ተቀብላ ካቴናውን ፈታችው። ኢዘዲን አንጓውን እያሸ፣ ሃብተአብ በወደቀበት ደረጃ በኩል ወረደ። የሃብተአብን የእጅ ባትሪ ሰጥታው ነበር። ከታች ጄኔሬተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ሁለቴ፣ ሦስተኛው ላይ ግንቡ በሙሉ ተንቀጠቀጠ። አምፖሉ በራ። አታሚው ጥግ ላይ አቃሰተና የኢዘዲንን መፈቻ ወረቀት መትፋት ጀመረ።